ለተናደደ ሠራተኛ የጂሜይል 30 ሰከንድ ይበቃዋል?

በሥራ ኢሜይል ሰው የሚቀያየመው ብዙ ጊዜ በጥቃቅን ነገር ነው። «ባለፈው እንደነገርኩህ» የምትል አንዲት ሐረግ ትበቃለች። አለቃ ሲሲ ከተደረገማ፣ ማለትም ቅጂው ለእሱም ከተላከማ፣ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱ ሰዎች ሰላምታ ራሱ ከአንገት በላይ ይሆናል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ ኢሜይል ደግሞ ፎርዋርድም ይደረጋል። ስለዚህ ጂሜይል ላይ ያለውን የተላከ ኢሜይል መመለሻ (Undo Send) እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላክ ስትሉት መልእክቱን ወዲያው አይለቀውም፣ ትንሽ ይዞ ያቆየዋል። በዚያች ቅጽበት ብቅ የምትለውን መሰረዣ ከነካችሁ ወደ ረቂቅ ይመለሳል፣ ተቀባዩም ምንም አያውቅም። ካልቀየራችሁት ግን ጊዜው 5 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ይቺ ደግሞ የተረሳ አባሪ ለማስታወስ እንኳ አትበቃም። ኮምፒውተር ላይ ሴቲንግ ግቡና 30 አድርጉት። ከዚያ በላይ አይሄድም።

ታዲያ 30 ሰከንድ ንዴት ያበርዳል? በፍጹም። የሚያወጣችሁ ከስህተት ነው። ለንዴት የሚሆነው በ2019 የመጣው በቀጠሮ የመላክ አማራጭ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። ማታ ትጽፉታላችሁ፣ ለነገ ጠዋት ትቀጥሩታላችሁ፣ ሳይሄድ በፊት ተነስታችሁ ታነቡታላችሁ። ማታ «በአንተ ምክንያት ሁላችንም ተዋረድን» ያለው ሰው ጠዋት ላይ «ሪፖርቱ ሐሙስ ስለመጣ ለስብሰባው አልደረሰልንም፣ ቀጣዩን እስከ ማክሰኞ ብትልክልኝ» ብሎ ያስተካክለዋል። ቅሬታው አልቀረም፣ እንዲያውም አሁን ሰውየው ምን ማድረግ እንዳለበት ገባው። በዚያ ላይ ባልደረባችሁን በእኩለ ሌሊት በሥራ ጉዳይ አለመቀስቀስም አንድ አክብሮት ነው።

ሌሎቹ ላይ ተጠንቀቁ። አውትሉክ የላካችሁትን የሚመልስላችሁ ተቀባዩ እዚያው መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ከሆነ ነው፣ ያም ሁልጊዜ አይሳካም። ዋትስአፕ ደግሞ መልእክት መሰረዙን የሚናገር ምልክት ትቶ ይሄዳል፣ ሰውየውም ምን ብለውኝ ነው እያለ ሲብሰለሰል ይውላል።

ሆን ብሎ የሚያዋርዳችሁ፣ ስብሰባ ላይ የሚጮህባችሁ ሰው ካለ ግን ይሄ ሁሉ አይጠቅምም። የእሱን መልእክቶች እንዳትሰርዙ። ከነቀናቸው አስቀምጡና ለሰው ኃይል ክፍል ይዛችሁ ሂዱ።