«ገና ነው» ለሚሉኝ አትክልተኛ

ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ምስጋናዬ ግን ጮክ ብሎ እንዲሰማ እፈልጋለሁ።

ከእሳቸው በፊት ሁለት ጊዜ ሐብሐብ ዘርቼ ሁለቴም ከስሬያለሁ። መጀመሪያ ብርዱ ሳይወጣ ቸኩዬ ዘራሁ፤ ዘሩ አፈር ውስጥ በሰበሰ። ቀጥሎ ደግሞ ትኩስ ፍግ እንዳለ አምጥቼ ደፋሁበት። ሐረጉ ግቢውን ሞላው፤ ያየው ሁሉ አደነቀ። ፍሬ ግን የለም!

ጋሼ የመጡ ቀን መሬቱን እንኳ ሳያዩ ፍጉን አሳየኝ አሉ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «መቼ የተጠራቀመ ነው?» ሲሉኝ ባለፈው ሳምንት አልኳቸው። ሳቁ። «ገና ነው ልጄ።»

ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። በፍጉ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን የሚባለው የተክል ምግብ ሲበዛበት ደግሞ ተክሉ ቅጠል ማብዛት ላይ ይጠመድና ፍሬውን ይረሳዋል። በዚያ ላይ ሐብሐብ መሬት ላይ ተጋድሞ ነው የሚያድገው። በፍጉ ውስጥ ያለ ጀርም በቀላሉ ይነካዋል። አፈር የሚነካ ፍሬ ከመለቀሙ ቢያንስ 120 ቀን ቀደም ብሎ ጥሬ ፍግ አፈር ውስጥ መግባት አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው። ሐብሐብ ከዘር እስከ ፍሬ ከ80 እስከ 100 ቀን ይፈጅበታል። ሒሳቡን ስሩት፤ ፍጉ ከዘሩ በፊት ነው መታሰብ ያለበት።

እናም ከገለባ ጋር ደራርበን ከመርነው። በየጊዜው እያገላበጥን፣ ሲደርቅ ውሃ እያርከፈከፍን ወራት ጠበቅን። ጥቁርና ፍርፍር ያለ ብስባሽ ሆኖ የአፈር ሽታ እስኪሸት ድረስ ጋሼ አላስነኩኝም።

ብስባሹ ሲደርስ እኔ ዘር ይዤ ተዘጋጅቻለሁ። «ገና ነው» አሉኝ ደግሞ! ጠዋት ጠዋት አፈር ውስጥ ቴርሞሜትር ይሰካሉ። አፈሩ 21 ዲግሪ ደርሶ ለተከታታይ ቀናት ሲጸና ነው ፈቃድ የሰጡኝ። ዘሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲሜትር ጥልቀት ገባ። ዘንድሮ አልበሰበሰም፤ በሳምንት ብቅ አለ።

አበባው ሲረግፍ ደግሞ ደንግጬ ደወልኩላቸው። ለካ የረገፉት ወንዴዎቹ ናቸው። እነሱ ቀድመው ይፈካሉ። ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽዬ ሐብሐብ የምትመስል እብጠት ይዛ ኋላ ትመጣለች፤ የምትፈካውም ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያች ቀን ንብ በደንብ ካልጎበኘቻት ፍሬው ወይ ይረግፋል ወይ ተጣሞ ያድጋል። ስለዚህ ንብ የሚጎዳ ምንም ነገር አልረጨንም። አረሙን በእጅ ነቀልን፤ መደቡ ላይ ገለባ ጎዘጎዝን።

አሁን አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። ፍሬው ሲገዝፍ መታገስ አቃተኝና ጋሼ በሌሉበት አንዱን ቆረጥኩ። ውስጡ ነጣ ያለ ሮዝ፤ ጣዕሙ ከዱባ አይሻልም። ሐብሐብ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነት አይጨምርም። ጋሼ ሲመጡ የጎደለውን ወዲያው አዩ። ምንም አላሉም። ከሌላው ፍሬ አጠገብ ከሐረጉ የወጣችውን ጥምዝ ክር አሳዩኝ፤ አረንጓዴ ናት። ፍሬውን ገልበጥ አደረጉት፤ ሆዱ ገና ነጭ ነው። ክሯ ደርቃ ሆዱ ቅቤ የመሰለ ቢጫ ሲሆን ቁረጥ አሉኝ። የመጨረሻዋን ሳምንት ውሃውንም ቀነስን።

በቀኑ ስንቆርጠው ቢላዋው ሳይጨርስ ነው ጧ ብሎ የተሰነጠቀው። ልጆቹ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ጀመሩ።

አትክልተኛ የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ግን ልንገራችሁ፣ ስልክ ቶሎ አያነሱም። ነገ እንዝራ ብትሏቸውም መልሳቸውን ታውቁታላችሁ። ፍጋችሁን ግን ከአሁኑ ከምሩ።