ሩቅ የተመደበ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወይስ ሰፈር ያለ የግል ኮሌጅ? ለሥራ የትኛው ያዋጣል?

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ቁጥር ወዳጆቼ «ልጄ ጂንካ ተመድቧል፤ ልላከው ወይስ እዚሁ አዲስ አበባ በግል ላስተምረው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለቀን ተማሪ እኔ ያለ ማመንታት የምመርጠው የመንግሥቱን ነው።

ታናሽ እህቴን የመውጫ ፈተና ከመጀመሩ በፊት በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ አስተምሬአት ነበር። በወር 1,100 ብር፣ በዓመት 10 ወር፣ ለሦስት ዓመት ስከፍል፣ የመመዝገቢያውና የምረቃ ጋዋኑ ሳይቆጠር 33,000 ብር አወጣሁ። ሥራ አግኝታ ቀጣሪው ዲግሪዋ ይረጋገጥ ባለ ጊዜ ግን የተማረችበት ቅርንጫፍ ዕውቅና እንደሌለው ታወቀ። በሬጅስትራሩ መስኮት ላይ የተለጠፈው የዕውቅና ፎቶኮፒ የተሰጠው ለዋናው ግቢ እንደነበረ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍያ ስፈጽም ወረቀቱ ከፊቴ ነበር።

የመንግሥቱም በነጻ አይደለም። ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ስለሚፈርም ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጥበታል፣ ዕዳውን እስኪጨርስም ዋናው ዲግሪ ስለማይሰጠው በጊዜያዊ ማስረጃ (ቴምፖራሪ) ይቆያል። በዚያ ላይ የአውቶቡስ፣ የሳሙናና የሃንድአውት ኮፒ ወጪ አለ። ሆኖም ምግቡና መኝታው በዕዳ ስለሚያዝ ወላጅ ለእነሱ በየወሩ ብር መፈለግ የለበትም።

ስለ ስም ከተነሳ፣ በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ብልጫ አለው፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ የዚያው ምሩቃን ናቸው፣ የተግባር ልምምድ ቦታውም በታክሲ የሚደረስበት ነው። ይህ ብልጫ ግን ከመጀመሪያው ቅጥር አልፎ ሲሄድ አላየሁም። ለጀማሪ የሚወጣ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የነጥብ አማካይ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ለመመረቅ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ተፈትኖ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። ስለዚህ ጂንካ የደረሰው ልጅ በዩኒቨርሲቲው ስም ምክንያት ብቻ ምደባውን መተው የለበትም።

የግል ኮሌጅን የምመክረው ሥራ ላይ ሆኖ በማታ ለሚማር ሰው ነው። እሱም ቢሆን አንድ ብር ከመክፈሉ በፊት ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄዶ የግቢውን፣ የትምህርት ክፍሉን፣ የደረጃውንና የማታውን መርሐ ግብር ዕውቅና አንድ በአንድ ይጠይቅ፤ ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም። የእህቴ 30 የወር ክፍያ ደረሰኞች ዛሬም ቤቴ አሉ፤ ከገንዘቡ ግን አንድም ብር አልተመለሰም።