ለተጨበጠ እጅ የትኛው ማሽን ይገዛ?

እማዬን ስትሮክ መቷት እጇ ተጨብጦ ከቀረ ወዲህ ስልኬ ላይ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያ የኤሌክትሪክ ማሽን ሠራ ወይ? የቱን ልግዛ?» ጡንቻን በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነዘረ እጅ ለማፍታታት የሚያግዘውን ማሽን ማለታቸው ነው። ለየሰው ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ የገዛሁት የማይረባውን ነው። ካርቶኑ ላይ «ለስትሮክ» የሚል የተጻፈበት ጓንት፣ 3,800 ብር። ሳበራው የእማዬ ጣቶች ጭራሽ ተጨበጡ። ፊዚዮቴራፒስቷ ስታየው ሳቀች። ጓንቱ የሚነዝረው የሚጨብጡትን ጡንቻዎች ነው። እኛ የምንፈልገው ደግሞ በክንድ ጀርባ በኩል ያሉትን፣ ጣት የሚዘረጉትን ነው። የሚዘረጋው ሲሠራ የሚጨብጠው ይላላል። በሦስተኛው ሳምንት ገመዱ ከሥሩ ተበጠሰ። ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ልጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይሄ አይፈታም፣ ተጣብቆ ነው የተሠራው» ብሎ መለሰልኝ። 3,800 ብር ቆሻሻ ውስጥ ገባ።

አሁን ያለችን ቀበቶ ላይ የምትንጠለጠል፣ ባለ ሁለት ቻናል (ሁለት ቦታ ለየብቻ የምትነዝር) ትንሽ ማሽን ናት። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ በ40 ዶላር ገዝታ በሰው ላከችልኝ። ውበት የላትም፤ ገመዷም ይንጠላጠላል። ግን ገመዱ ተነቃይ ነው፣ ሲበጠስ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። አደራ፣ ካርቶኑ ላይ «ቴንስ» (TENS) ብቻ የሚል አትግዙ። ቴንስ በዋናነት ለሕመም ማስታገሻ ነው፤ ውጥረቱን ትንሽ ቢያላላም ጣት አይዘረጋም። ጡንቻውን ራሱን የሚያንቀሳቅሰው «ኢኤምኤስ»ም (EMS) ይኑርበት።

ኪስ የሚያራቁተው ግን ማሽኑ ሳይሆን ፓዱ፣ ማለትም ንዝረቱን ወደ ቆዳ የሚያስተላልፈው ተለጣፊ ነው። እንዲሁ ከተተወ ሠላሳ ጊዜ ያህል ቢለጠፍ ነው፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። እማዬ ክንዷን ቅባት ከተቀባች ደግሞ በሳምንት ያልቃል። ክንዱን በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ለጥፉ። ፓዱ ሲደርቅ ጠብ የምትል ውሃ በጣት አስነኩት፤ እኔ አንዱን ፓድ እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ገፍቼዋለሁ።

ውዶቹንስ? የስዊድኑ ሞሊ ሙሉ ልብስ ነው፣ 58 ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን ወደ ቆዳ የሚያስገባ ነጥብ) አለው፣ ለአንድ ሰዓት ይለበሳል። ዎክኤይድ ከጉልበት በታች ይታሰርና እግር ሲነሳ ጠብቆ ነርቩን ይነዝራል፤ የእግሩ ጫፍ መሬት እንዳይጎትት። ይህን የኔዋ አትችልም፣ እውነቱን ልናገር። ግን ሁለቱም ዋጋቸው በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። ቢበላሹስ እዚህ ማን ሊጠግን?

በተረፈው ብር ፊዚዮቴራፒስት ቅጠሩ። ማሽኑ ያለ እንቅስቃሴ ብቻውን እጅ አይፈታም። የልብ ፔስሜከር ያለው ሰው ደግሞ ጭራሽ አይንካው፤ የሚጥል በሽታ ካለ ሐኪም ይጠየቅ። የኛዋ ፊዚዮቴራፒስት ፓዱ የሚለጠፍበትን ቦታ እማዬ ክንድ ላይ በእስክሪብቶ ከበበችልኝ። ክቡ ሳይታጠብ ፎቶ አነሳሁት። አሁን እኔ ባልኖርም እህቴ ፎቶውን እያየች ትለጥፍላታለች።