«ስኳር ቁጥር 11»፦ የዓለም ዋጋ የሚባለው ውል ሲመዘን

የዓለም የስኳር ዋጋ ጨመረ ወይም ቀነሰ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው ኢንተርኮንቲኔንታል ኤክስቼንጅ በተባለው የአሜሪካ የግብይት ተቋም የሚገበያየው «ስኳር ቁጥር 11» የተባለው የወደፊት ርክክብ ውል (ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ስኳሩ ወደፊት የሚረከብበት ስምምነት) ነው። ስኳር ገዢዎችም ሻጮችም ዋጋ የሚቆርጡት በእርሱ ላይ ተመሥርተው በመሆኑ፣ እንደ ማንኛውም ምርት ጥቅሙና ጉድለቱ ሊመዘን ይገባዋል። በእኔ እምነት ውሉ ለተዘጋጀለት ሥራ እጅግ ጥሩ ነው፤ ችግር የሚፈጠረው ላልተዘጋጀለት ሥራ ሲውል ነው።

ትልቁ ብርታቱ ግልጽነቱ ነው። አንድ ውል 112,000 ፓውንድ፣ ማለትም 50.8 ሜትሪክ ቶን ገደማ ጥሬ የአገዳ ስኳር ሲሆን፣ ዋጋው በአሜሪካ ሳንቲም ለአንድ ፓውንድ ይነገራል። ፓውንዱ 20 ሳንቲም ከሆነ ውሉ 22,400 ዶላር ያወጣል፤ ቶኑም 441 ዶላር ገደማ ይመጣል። ይህን ስሌት ማንም በወረቀት ሊያረጋግጠው ይችላል።

ጥንቃቄ የሚሻው ርክክቡ ነው። ውሉን እስከ ማብቂያው ይዞ የቆየ ገዢ ስኳሩን የሚቀበለው ሻጩ ከተፈቀዱት አገሮች መርጦ በሚያቀርብበት ወደብ ሲሆን፣ መርከቡን የሚልከው ራሱ ገዢው ነው። ሻጩ ለእርሱ የሚረክሰውን ምንጭ ስለሚመርጥ ዋጋውም ወደዚያው ያዘነብላል። የመርከብ ኪራይ፣ መድን፣ የማጣሪያ ወጪና የጉምሩክ ቀረጥ በዋጋው ውስጥ የሉም፤ ይህን ሳያሰላ በጀት የያዘ ገዢ ጭነቱ ሲደርስ ሒሳቡ አይገጥምለትም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የንግድ ፖሊሲ ነው። በዓለም ከሚመረተው ስኳር አብዛኛው በተመረተበት አገር የሚበላ በመሆኑ ቁጥር 11 የሚለካው ድንበር የሚሻገረውን ቀሪ ክፍል ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ አምራች አገር በሯን ጥቂት ስትከፍት ወይም ስትዘጋ ዋጋው ከመጠን በላይ ይናወጣል። ከ60 ሳንቲም በላይ የወጣው የ1974 እ.ኤ.አ. ዋጋ በ1985 ከ3 ሳንቲም በታች መውረዱ የዚህን ገበያ ጠባይ ያሳያል። የአውሮፓ ኅብረት የምርት ኮታውን ያነሣው በሴፕቴምበር 2017 ማብቂያ ነው፤ ኅብረቱ፣ ሕንድና ታይላንድ ብዙ ባመረቱበት በዚያው ወቅት ገበያው ተጥለቅልቆ በ2018 ዋጋው ከ10 ሳንቲም በታች ወረደ። ብራዚል፣ አውስትራሊያና ጓቲማላ የሕንድን ድጎማ በመቃወም ለዓለም ንግድ ድርጅት ያቀረቡት ክስ በዲሴምበር 2021 ተፈርዶላቸው ነበር። ይሁን እንጂ ሕንድ ይግባኝ ያለችው ሥራው ለተቋረጠው የይግባኝ አካል በመሆኑ ጉዳዩ እልባት ሳያገኝ ቀረ። ያቺው ሕንድ ከጁን 2022 ጀምሮ ወደ ውጭ የሚላከውን ስኳር ገደበች፤ በኖቬምበር 2023 ዋጋው ወደ 28 ሳንቲም በተጠጋበት ጊዜ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የአቅርቦት መጥበብ ነበር። ብራዚል በበኩሏ ፋብሪካዎቿ አገዳውን ለስኳር ወይም ለነዳጅነት ለሚያገለግለው ኤታኖል ማዋል ስለሚችሉ፣ የነዳጅ ዋጋ ራሱ በስኳር አቅርቦት ላይ ጫና ያሳድራል።

ዩናይትድ ስቴትስ ከውጭ የሚገባውን ስኳር በኮታና በታሪፍ ስለምትገድብ የአገር ውስጥ ገበያዋ የሚገበያየው ቁጥር 16 በተባለ ሌላ ውል ነው። ለዚያ ገበያ የሚያቀርብ ነጋዴ በቁጥር 11 ብቻ ዋጋ ሊቆርጥ አይገባም።

ጥሬ ስኳር ገዝቶ ለሚያጣራ ፋብሪካና ለላኪዎች ቁጥር 11ን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የተጣራ ነጭ ስኳር ለሚገዛ ድርጅት ግን የሚበጀው የለንደኑ ቁጥር 5 ነው፤ እርሱ በ50 ሜትሪክ ቶን መጠን፣ ለአንድ ቶን በዶላር የሚቆረጥ የነጭ ስኳር ውል ነው። በሁለቱ ውሎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የማጣሪያ ፋብሪካዎች አቅምና የነጭ ስኳር ፍላጎት በተለዋወጠ ቁጥር ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ ነጭ ስኳር እየገዛ ራሱን ከዋጋ መዋዠቅ በቁጥር 11 ብቻ የጠበቀ ድርጅትም ለዚህ ልዩነት ተጋልጦ ይቀራል።