«ይሄን ማን አለ?»፦ ለጽሕፈት ቤቷ እትዬ ምስጋና

ባለፈው ማክሰኞ የመመረቂያ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት ዲፌንድ አደረግኩ። አለፍኩ። ከክፍሉ እንደወጣሁ መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ነው። ቀጥሎ የደወልኩት ለአንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ባለቤት ነው። ይህን የምጽፈው ስለ ሁለተኛዋ ነው። እናቴ ፌስቡክ ስለሌላት አትቀየመኝም።

ስማቸውን እንዳልጠቅስ አስጠንቅቀውኛል። «ስሜን አውጥተህ ሰኔ ላይ በሬን ልታሰብረኝ ነው?» አሉኝ። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ እንደሚጠራቸው እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሱቃቸው ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ስትሞቅ የምታጉረመርም አንዲት ፎቶ ኮፒ ማሽን። ሦስተኛ ሰው ከገባ አንዱ ውጭ ይቆማል። ይተይባሉ፣ ያርማሉ፣ ይጠርዛሉ። ድሮ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ በኦሊቬቲ ታይፕ አማርኛ የመቱ ሰው ናቸው። ከስህተት ጋር ያላቸው ጠብ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። በታይፕ አንዴ የተመታ ፊደል በቀላሉ አይጠፋማ።

ጥናቴ ስለ ጌም ቤት ነው። የተማርኩት ፎክሎር ነው። ፎክሎር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ተረትና እንቆቅልሽ፣ ቀረርቶና ፉከራ ነው። እኔ ግን ያደግኩት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እንቆቅልሽ የሚጠይቀኝ አያት አጠገቤ አልነበረም፤ «ተረኛ ማነው?» እያለ የሚጮህ ባለ ጌም ቤት ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከነዚያ ውስጥ አራቱ እኛ ሰፈር፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዛሬም ይሠራሉ። ፊፋ ከሚባሉት የእግር ኳስ ጌሞች ለዚያ ማሽን የወጣው የመጨረሻው ፊፋ 14 ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ጫማ የሰቀሉ ተጫዋቾች አሁንም ይሮጣሉ፣ ጎል ያገባሉ፣ ይሰደባሉ።

ርዕሱን ሳቀርብ «ይሄ ጥናት ነው ወይስ ጨዋታ?» ተባልኩ። በፈገግታ ነው የተባለው፤ ግን ወጋኝ። የመጀመሪያው ረቂቄ በሙሉ ለዚያች ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር ማለት ይቻላል። ቁም ነገረኛ ለመምሰል የማላወራውን አማርኛ ጻፍኩ። አንዱን ልጥቀስላችሁ፦ «በአጥኚው አማካኝነት በተካሄደው ምልከታ በተጫዋቾች መካከል የሚስተዋሉ ማኅበራዊ መስተጋብሮችን ለመዳሰስ ተሞክሯል።» አሁን ሳነበው ያልበኛል።

እትዬ ጋ የሄድኩት ለእርማት አልነበረም። ፋይሉን የጻፍኩት በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንት ነው። ሌላ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነብኝ። በየትኛውም ኮምፒውተር ወደሚነበበው ዩኒኮድ የሚቀይርልኝ ሰው ስፈልግ «እትዬ ጋ ሂድ» ተባልኩ። ቀየሩልኝ። «አሁን አንድ ጊዜ ላንብበው፤ ሲቀየር የሚበላሽ ፊደል አለ» አሉ። ማንበብ ጀመሩ። ከመጀመሪያው ገጽ አላለፉም። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ማን አለ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንተ እንዲህ ነው የምታወራው?»

ዝም አልኩ።

«‹ተሞክሯል› ትላለህ። ማነው የሞከረው? ተሳካለት ወይስ ሞክሮ ተወው?»

ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ልጆች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ያቺ ጥያቄ ትጠብቀኛለች። በሦስተኛው ገጽ ላይ «የጌም ሱስ ወጣቱን ትውልድ እያጠፋ ይገኛል» የሚል ነበረኝ። ይሄን ማን አለ? «ሁሉም ሰው ይላል» አልኳቸው። «ሁሉም ሰው ምንጭ አይሆንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሄጄ አነበብኩ። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም መታወክን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ነገር ግን ብዙ ሰዓት መጫወት ብቻውን አይበቃም። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ኑሮው እየተጎዳ እንኳ ሲቀጥል ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ12 ወር ከታየ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከትምህርት ቤት መልስ ለአንድ ሰዓት የሚገቡ ልጆችን በአንድ ዓረፍተ ነገር በሽተኛ አድርጌያቸው ነበር። ሰረዝኩት። ትውልዱም ተረፈ።

ትልቁ ትግል የነበረው የንድፈ ሐሳቡ ምዕራፍ ላይ ነው። ሆላንዳዊው የታሪክ ምሁር ዮሃን ሁይዚንጋ እ.ኤ.አ. በ1938 ስለ ጨዋታና ባህል የጻፈውን ሦስት ገጽ ሙሉ ተርጉሜ ለጥፌ ነበር። ምንጩን ጠቅሻለሁ፤ በዚህ አልታማም። እትዬ ግን ጣታቸውን እስክሪኑ ላይ ቀስረው «ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?» አሉ። እንዲህ አስረዳኋቸው። ጨዋታ ሲጀመር ክብ እንደተሰመረ ቁጠሩት። ክቡ ውስጥ የውጭው ሕግ አይሠራም፤ የራሱ ሕግ አለው። ውጭ አለቃ የሆነው እዚያ አለቃ አይደለም። ጨዋታው ሲያልቅ ክቡ ይጠፋል፤ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ማለት ነዋ!» አሉኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ተረትና ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ስንት ዓመት ፎክሎር ተምሬያለሁ። ሎሌው በገና ዱላ የጌታውን ቅልጥም ቢመታ በዚያች ቀን አይጠየቅም፤ ጌታውም ይቀበላል። ክቡ ማለት ይሄው ነው። ሦስቱ ገጽ አንድ ተኩል ሆነ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም እኔ የጻፍኩት መሰለ። ሁይዚንጋንም አልጣልኩትም። ከምሳሌው ጎን አስቀመጥኩት፤ እንዲያውም ጎረቤት ሲያገኝ አማረበት።

አሁን ደግሞ ማንም የማያምነኝን ልንገራችሁ። እትዬ ጌም ቤት መጡ። «የማላየውን ነገር አላርምም» ብለው አንድ ቅዳሜ ሱቁን በጊዜ ዘግተው ተከተሉኝ። ነጠላቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ሲቆሙ ቤቱ ጸጥ አለ። የአንዳችን እናት መስለዋቸው ሦስት ልጆች ከአግዳሚው ጀርባ ገቡ። አንዱ ጆይስቲኩን እንደያዘ ነው የተደበቀው፤ ያኛው ልጅ ግን ጊዜውን አላባከነም፣ ጎል አገባበት።

ብዙም አልቆዩ፣ መብራት ሄደ። ጨዋታው 2 ለ 1 ነበር። ጩኸት ተነሳ። ባለቤቱ ከጨለማው ውስጥ ፍርድ ሰጠ። እረፍት ሳይወጣ ከሆነ ጨዋታው እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ማንም አይከፍልም። ከእረፍት በኋላ ከሆነ ሲመራ የነበረው አሸናፊ ነው። እኩል ከሆኑ ሁለቱም ይነሳሉ፤ ሒሳቡን ይካፈላሉ። ማንም ተጨማሪ አልተናገረም። የተሸነፈው ከፈለ።

እትዬ በክርናቸው ጎሰሙኝ። «ይሄ ጽሑፍህ ውስጥ አለ?»

አልነበረም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የማውቀው ሕግ ስለሆነ የሚጻፍ ነገር አልመሰለኝም። ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚገዛበት፣ ከመብራት መጥፋት ጋር አብሮ የተወለደ ሕግ። ፎክሎር ከዚህ በላይ ምን ይሁን? በስልኬ መብራት እዚያው ቆሜ ጻፍኩት። የአራተኛው ምዕራፍ ዋና ክፍል እሱ ሆነ። ፈታኞቼም ብዙ የጠየቁኝ ከዚያ ነው።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ክፉኛ አፋጠጠኝ። «በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ብለሃል። ጌም ቤት ውስጥስ ጌታው ማነው?» መልሱ እጄ ላይ ነበር፤ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላየሁትም። ጌታው ሳንቲም ነው። ሕጉ «ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀመጣል» ነው። አንድ ልጅ አውቃለሁ፤ የአንድ ጨዋታ ሒሳብ ብቻ ይዞ ይገባል። ካልተሸነፈ ሳይከፍል ያመሻል። ኪሱ ሞልቶ የሚገባው ደግሞ እየተሸነፈም እየከፈለ ይቆያል። ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ መሸነፍ አይችልም። ስለዚህ ክቡ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ የውጭው ኑሮ በበሩ ስር ይገባል። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ሮዤ ካይዋ እ.ኤ.አ. በ1958 ሁይዚንጋን የነቀፈው በዚህ በኩል ነበር፤ ገንዘብ ያለበትን ጨዋታ ረስተሃል አለው። በጨዋታ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል እንጂ አዲስ ሀብት አይፈጠርም ባይ ነው። ባለ ጌም ቤቱ ይህን ቢሰማ የሚስማማ አይመስለኝም። ማስታወሻ ደብተር ይዤ አግዳሚው ላይ ስቀመጥ እንኳ እንደ ተጫዋች ያስከፍለኝ ነበር። ለእሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

አንድ ሌላ ነገር። ፊፋ የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ስሙ ፊፋ አይደለም፤ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። ሌላው የእግር ኳስ ጌም ፔስም እ.ኤ.አ. በ2021 ኢፉትቦል ተብሏል። የትኛውን ልጻፍ ብዬ ስጨነቅ እትዬ «ልጆቹ ምን ይሉታል?» አሉ። ፊፋ። «ታዲያ ፊፋ በል፤ ሌላውን ከግርጌ አስቀምጠው» አሉኝ። በዚህ ዓይነት የፈቱልኝን ብዘረዝር ይመሻል።

ወደ ጥቆማው ልምጣ። የመመረቂያ ጽሑፍ ያላችሁ፣ በተለይ በአማርኛ የምትጽፉ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ ጋር ሳያምታቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በአንድ ዓይነት ያስኬዱላችኋል። ማውጫው ከገጹ ጋር ይገጥማል። የገጽ ቁጥሩ መሃል ላይ እንደገና ከአንድ አይጀምርም። የትየባውና የጥረዛው ዋጋ እንደ ሰፈሩ ነው። ለዚያ ሁሉ ጥያቄያቸው ግን ሳንቲም አያስከፍሉም። ያስከፍሉ ብያቸው ተቆጥተውኛል።

እንከኑንም ልናገር። ቀስ ይላሉ። ይቆጣሉ፤ ያውም ሰው ፊት። ቀለም ፕሪንት የላቸውም። ዱቤ ዛሬም ነገም የለም። «ሙሉውን ይሥሩልኝ» ብላችሁ እንዳትሄዱ። እኔ ባለሁበት ሁለት ሰው እንዲህ ብሎ መጥቷል። «ከዚህ ወጥተህ ጠይቅ፣ የሚሸጥልህ አታጣም» ብለው በሩን ነው ያሳዩት። አንደኛው ጥሩ ገንዘብ ጠርቶ ነበር።

ማክሰኞ ስደውልላቸው ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱኝም። «ስንት ለስንት?» አሉኝ። ይህን አነጋገር ከየት እንዳመጡት ታውቃላችሁ።

ስልካቸውን ለሚፈልግ በኢንቦክስ እልካለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል። ከግንቦት በፊት ሂዱ። ፍላሻችሁን ቫይረስ አጽዱና ሂዱ፤ አለበለዚያ ኮምፒውተራቸው ላይ አይሰካም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላም አይከፍቱም፤ ሞክሬያለሁ።