የጠፈር መታሰቢያ ሳንቲሞች ንጽጽር፦ የአፖሎ 11 ዶላር፣ የአይዘንሃወር ዶላር ወይስ የጋጋሪን ሩብል?

ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ተቀምጦ የጠፈር መታሰቢያ ሳንቲም ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁለት ችግር ይገጥመዋል። ሳንቲሙን አይቶ «ትክክለኛ ነው» የሚልለት ባለሙያ በአቅራቢያው አያገኝም። ዕቃው ደግሞ የሚደርሰው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ወይም በቴሌግራም ማስታወቂያ ስለሆነ፣ ቅር ቢለው መመለስ ዘበት ነው። ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው መልካቸውን ብቻ ሳይሆን እቤት ውስጥ በሚዛንና በማግኔት ሊረጋገጡ መቻላቸውንም ነው። ገዢው ራሱ ሊያረጋግጠው የማይችለው ሳንቲም የቱንም ያህል ቢያምር ለመጀመሪያ ግዢ አይሆንም።

ከዚህ በታች «ንጹሕ ብር» ስንል ማዕድኑን ነው፣ ገንዘቡን አይደለም። ዓመቶቹም «ዓ.ም.» ከተባሉት በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሳንቲሞቹ ላይ የተቀረጸው እሱ ነውና።

ለማነጻጸሪያ ብዙ ቤት የሚታወቀውን ጠገራ ብር እንያዝ። ጠገራ ብር (ማሪያ ትሬዛ) 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 83.3 በመቶው፣ ማለትም 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው።

| ሳንቲም | ክብደት (ግራም) | ስፋት (ሚሊሜትር) | ንጹሕ ብር (ግራም) |
|---|---|---|---|
| አፖሎ 11 የብር ዶላር፣ 2019 | 26.73 | 38.1 | 26.7 |
| አፖሎ 11 ግማሽ ዶላር፣ 2019 | 11.34 | 30.6 | የለውም |
| አይዘንሃወር ዶላር፣ ብር ያለበት | 24.59 | 38.1 | 9.84 |
| አይዘንሃወር ዶላር፣ ተራው | 22.68 | 38.1 | የለውም |
| የጋጋሪን 1 ሩብል፣ 1981 | 12.8 | 31 | የለውም |

የአፖሎ 11 50ኛ ዓመት፣ 2019

ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው፤ ይህን ለመናገር አናመነታም። አንደኛው ገጽ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ ሲሆን በጨረቃ አፈር ላይ ያረፈውን የጫማ አሻራ ይዟል። ሌላው ገጽ ጉብ ያለ ነው፤ የጠፈርተኛው ባዝ ኦልድሪን የራስ ቁር መስታወት በቅርበት ተቀርጾበታል። መስታወቱ ውስጥ ፎቶውን ያነሳው አርምስትሮንግ፣ ባንዲራውና ጨረቃ ላይ ያረፈችው መንኮራኩር ይታያሉ። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በአፖሎ 11 ጉዞ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የሆነውን ነገር በአንድ እጅ መዳፍ ላይ ማየት ነው።

ችግሩ ይህ ምስል በአራት ዓይነት ሳንቲም ላይ ያለ ለውጥ መታተሙ ነው፦ በ5 ዶላር ወርቅ፣ በብር ዶላር፣ አምስት አውንስ በሚመዝን ትልቅ የብር ዶላርና ምንም ብር በሌለበት ግማሽ ዶላር። ከወርቁ በቀር በስልክ ፎቶ ላይ ልዩነታቸው በቀላሉ አይለይም። ግማሽ ዶላሩን «የአፖሎ የብር ሳንቲም» ብሎ መሸጥ ቀላል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሻጩን ሳንቲሙን ከማስመሪያ ጎን አስቀምጦ ፎቶ እንዲያነሳ ጠይቁት፤ 30.6 ሚሊሜትር ከሆነ ብር የለውም። ትልቁ ሳንቲም 76.2 ሚሊሜትር ስፋትና 155.5 ግራም ክብደት አለው። በላዩ የተጻፈው ዋጋ እንደ ትንሹ አንድ ዶላር መሆኑም አያደናግራችሁ።

የወርቁ 8.36 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶ ወርቅ ነው፣ በወርቅ ቤት ቋንቋ 21.6 ካራት ማለት ነው። እስከ 50,000 ብቻ እንዲመረት ነበር የተፈቀደው፤ የብር ዶላሩ እስከ 400,000፣ ግማሽ ዶላሩ እስከ 750,000። ወርቁን ግን ለጀማሪ አንመክርም። አንድ ወርቅ ሠሪ በመፈተኛ ድንጋይ ላይ አንዴ ካሻሸው የሰብሳቢ ዋጋው እዚያው ያበቃል፤ የሚቀረው የወርቁ ክብደት ብቻ ነው።

ሌላው ጣጣ ቅርጹ ነው። ጎድጓዳ በመሆኑ ለዝርግ ሳንቲም በተሠራ ካፕሱል (ክብ የፕላስቲክ ማስቀመጫ) እና አልበም ውስጥ በደንብ አይገባም። ገፍተው ካስገቡት የጉብታው አናት፣ የራስ ቁሩ መስታወት ያለበት ቦታ፣ ከፕላስቲኩ ጋር እየተፋጨ ይጫጫራል። ስለዚህ ከአሜሪካ መንግሥት ሳንቲም ማምረቻ የወጣበት ካፕሱል፣ ሳጥንና ሰርተፊኬት ሳይኖር አትግዙ። ዘመድ «ሻንጣ ይሞላል» ብሎ ሳጥኑን ጥሎ እንዳይመጣ ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

የአይዘንሃወር ዶላር፣ 1971–1978

ለመጀመሪያ ግዢ የምንመርጠው ይህንን ነው። ጀርባው ላይ የአፖሎ 11 የተልዕኮ ዓርማ አለ፦ ንስር የወይራ ቅርንጫፍ በጥፍሩ ይዞ ጨረቃ ላይ ሲያርፍ፣ ምድርም ከበላዩ። ቅርጹን የሠራው ፍራንክ ጋስፓሮ ነው። ጨረቃ ላይ ከተወጣ ሦስተኛው ዓመት ሳይጋመስ ሰው ኪስ ውስጥ የገባ ገንዘብ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ለሰብሳቢ ከተሠራው ጋር ሲተያይ ይህ የራሱ ክብር አለው። 1776–1976 የሚል ዓመት ያለበት ግን ንስሩ የለውም፤ በምትኩ የነጻነት ደወልና ከኋላው ጨረቃ ነው ያለው። የጨረቃ ላይ ማረፉን ዓርማ የሚፈልግ ሰው ይህን ሳያይ እንዳይገዛ።

ዋናው ጥያቄ ብር አለው የለውም የሚለው ነው። እዚህ የምታገኙት አብዛኛው ተራው፣ ከመዳብና ከኒኬል የተሠራው ነው። ትልቅ፣ ከባድና የቆየ መሆኑ ሻጩን ራሱን ያሳስተዋል፤ ሁሌም ለማታለል ብሎ አይደለም። መለያው ሦስት ነው። አንደኛ፣ ፊቱ ላይ ካለው የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ምስል አንገት ሥር፣ ከዓመቱ በላይ ያለችውን ትንሽ ፊደል እዩ። «ኤስ» የተባለችው የእንግሊዝኛ ፊደል ከሌለች ብር የለውም። ፊደሏ ስላለች ግን ብር አለው ማለት አይደለም፤ ከ1973 ጀምሮ ያለ ብር የተሠሩም ይህችው ፊደል አለችባቸው። ሁለተኛ፣ ጠርዙን በጎን እዩት። ተራው መሀሉ ላይ ቡናማ የመዳብ መስመር ጎልቶ ይታያል፤ ብር ያለበት ግን ጠርዙ ነጣ፣ ግራጫ ይላል። ሦስተኛውና የማያወላዳው ሚዛን ነው፦ 24.59 ወይም 22.68። ልዩነቱ ሁለት ግራም ስለሚጠጋ የኩሽና ዲጂታል ሚዛን እንኳ 25 እና 23 እያለ ይለያቸዋል።

ዋጋ ስትከራከሩ ሒሳቡ ይህ ነው። የዕለቱን የአንድ አውንስ ብር ዋጋ ለ31.1 (በአንድ አውንስ ውስጥ ያለው ግራም) አካፍሉ፣ በ9.84 አባዙ። የሚመጣው የማዕድኑ ዋጋ ነው። ሻጩ የዚህን ሁለትና ሦስት እጥፍ ከጠየቀ ምክንያቱን ይናገር፤ «ጨረቃ ላይ የሄደው ነው» የሚለው ምክንያት አይደለም። ይህ ሳንቲም ጨረቃ ላይ አልሄደም።

የጋጋሪን ሩብል፣ 1981

ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ያደረገውን የመጀመሪያውን የሰው ልጅ የጠፈር በረራ 20ኛ ዓመት ለማሰብ የወጣ ነው። ከመዳብና ኒኬል የተሠራ ስለሆነ የማዕድን ዋጋ የለውም። የተመረተውም ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ስለሆነ ብርቅ አይደለም፤ በውድ የሚሸጥ ካለ እለፉት። ጥሩ ጎኑ፣ ርካሽ በመሆኑ አስመስሎ መሥራት ብዙም አያዋጣም። በሌላ በኩል በደርግ ዘመን ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸውና፣ ከውጭ ከማስመጣት በፊት ዘመድ ቤት መሳቢያ መጠየቁ አይከፋም። የ1983ቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠፈርተኛ የቫለንቲና ቴሬሽኮቫና የ1987ቱ የሮኬት ሊቁ የፂዮልኮቭስኪ ሩብሎችም አሉ፤ ሦስቱን አንድ ላይ መያዝ በአነስተኛ ወጪ የተሟላ ስብስብ ይሰጣል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ላይ ነው። በ1988 ለሰብሳቢዎች እንደገና የተሠሩ አሉ፤ ጠርዛቸው ላይ 1988 የሚል ቁጥርና የእንግሊዝኛውን «ኤች» የሚመስል የሩሲያ ፊደል አለ። ሐሰተኛ አይደሉም፣ የመስታወት ያህል የሚያበሩ ናቸው፤ ግን የ1981 ሥራ ተብለው መሸጥ የለባቸውም። ከካፕሱል ሳያወጡ ጠርዙን ማንበብ ስለማይመች የጠርዙን ፎቶ ጠይቁ።

ለልጅ፣ ለተማሪ፣ ለስጦታ

እንጦጦ የሚገኘውን የጠፈር ምልከታ ማዕከል ለጎበኙ ተማሪዎች ወይም ለሳይንስ ክበብ ሽልማት ለሚፈልግ ሰው ከላይ ያሉት አያስፈልጉትም። የአሜሪካ ሩብ ዶላር ውስጥ የ2002ቱ የኦሃዮ ጠፈርተኛ አለበት፣ የ2004ቱ የፍሎሪዳ የጠፈር መንኮራኩር፣ የ2022ቱ ደግሞ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ጠፈርተኛ ሳሊ ራይድ። አሜሪካ ውስጥ ከመልስ ገንዘብ መካከል በ25 ሳንቲም የሚለቀሙ ናቸው። የሚመጣ ዘመድ ካለ አንድ ወር ቀደም ብሎ «መልስህን እያየህ አስቀምጥልኝ» ማለት በቂ ነው። የ2020ው የሜሪላንድ አንድ ዶላር ሐብል ቴሌስኮፕን ይዟል፤ ቢጫና ትንሽ ነው፣ 8.1 ግራም። ቻይና የሚመላለሱ ነጋዴዎች የ2015ቱን ባለሁለት ቀለም 10 ዩዋን ሊያመጡ ይችላሉ። የሩሲያ የ2011 ባለ 10 ሩብል፣ የጋጋሪን በረራ 50ኛ ዓመት፣ ማግኔት ይይዘዋል፤ ውስጡ ብረት ስለሆነ ያ ትክክለኛ ጠባዩ ነው።

የማንመክረው

በላዩ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት፣ «አፖሎ 11» የሚል ወርቅ ቅብ ክብ ነገር ሳንቲም አይደለም፤ ማስታወሻ ቁስ ነው። ይህን አውቆ መግዛት ነውር የለውም። የማርሻል ደሴቶች በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣቸው ባለ 5 ዶላር የጠፈር ሳንቲሞች ደግሞ ገንዘብ ናቸው፣ ነገር ግን ከመዳብና ኒኬል የተሠሩ ናቸው። «አምስት ዶላር» የሚለውን አይቶ ባንክ ይመነዝረዋል ብሎ የሚገዛ ሰው ይከስራል።

እቤት ውስጥ መፈተን

ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት 0.01 ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን ያስፈልጋል። ጠረጴዛው የተስተካከለ፣ መስኮቱ የተዘጋ ይሁን፤ ነፋስ ቁጥሩን ያዋዥቃል። ባትሪው ሲደክም ሚዛኑ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ክብደቱ በሚታወቅ ነገር አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። በልክ ያገለገለ ጠገራ ብር ካለ ጥሩ፣ ግን ያለቀ ከሆነ ያሳስታል።

ክብደቱ ልክ ሆኖ ብር የሌለው ሐሰተኛ ዶላር ሊኖር ስለሚችል የውሃ ፈተና ይከተላል። ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ዲስቲልድ ውሃ ጨምራችሁ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን የስፌት ክር አንጠልጥላችሁ፣ ታችና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። 26.73 ግራም የሚመዝን ንጹሕ ብር 2.55 አካባቢ ያነባል። በዚያው ክብደት የተሠራ መዳብና ኒኬል ግን 3.00 አካባቢ ይደርሳል። ጎድጓዳው ውስጥ የአየር አረፋ ከተያዘ ቁጥሩ ከፍ ይልና ትክክለኛውን ሐሰተኛ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ በቁሙ እንዲገባ አድርጉ፣ አረፋ ካለ አውጥታችሁ ድገሙት። ከውሃ ሲወጣ አይታሽም፤ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጎ ማንጠፍጠፍ ብቻ ነው። እንደ መስታወት የሚያበራውን ፕሩፍ የተባለውን ሥራ ግን በጭራሽ ውሃ ውስጥ አትክተቱ። እሱን ሳንቲም መርምረው ደረጃ በሚሰጡት ድርጅቶች፣ በፒሲጂኤስ ወይም በኤንጂሲ፣ ታሽጎ ደረጃ የተሰጠው ግዙ፤ ቁጥሩን ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፎቶውን ከእጃችሁ ካለው ጋር አስተያዩ፣ ምክንያቱም እሽጉም ይሰረቃል፣ ይመሰላልም።

ክረምትና ጭስ

ሱሉልታና እንጦጦ ሥር ያሉ ቤቶች ሌሊት ይቀዘቅዛሉ፣ ቆርቆሮው ቀን ይሞቃል። ይህ መዋዠቅ ካፕሱል ውስጥ ጤዛ ያስይዛል። ሳንቲሙን ከውጭ ግድግዳ አርቃችሁ፣ በሚከደን ሳጥን ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጋር አስቀምጡ፤ ከረጢቱን ከሰኔ በፊት ለውጡት። ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ለብር አይሆንም። የላስቲክ ማሰሪያ ደግሞ ድኝ ስላለበት ብሩን ያጠቁረዋል።

ጠቆረ ብሎ በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ማሸት ግን ከጥቁረቱ የባሰ ጉዳት ነው። ጭረቱ አይመለስም፣ ገዢም ወዲያው ያየዋል። ከአዲስ ላስቲክ የሚመጣ ዓይነት ሽታ ያለው ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ የቆየ ሳንቲም አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣል። ለዚህ መፍትሔው ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ጥቂት ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው፣ መስኮት ከፍቶና ከእሳት ርቆ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ዘይትና ሽቶ ስላለው አይተካውም።

የሚያመጣላችሁ ሰው ደረሰኙን ከሳንቲሙ ጋር ይያዝ፣ ሳንቲሙም በእጅ ሻንጣ ይሁን። ወርቁን ወይም አምስት አውንሱን የምታስመጡ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጉምሩክ ኮሚሽንን ጠይቁ፤ ቦሌ ላይ ቆሞ መጠየቅ ይዘገያል።