ለጢስ ዓባዩ አስጎብኚ፣ ከእናቴና ከእኔ

ባለፈው ሚያዝያ እናቴን ይዤ ባሕር ዳር ሄጄ ነበር። እናቴ ጢስ ዓባይን የምታውቀው ከድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ነው። ከተማ ውስጥ ያነጋገርነው አንድ የጉዞ ሰው «ፏፏቴው ሙሉ ነው፣ እንዳያመልጣችሁ» አለን። በሚያዝያ ሙሉ ፏፏቴ! አመንን፣ ከፈልን፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል አቧራ እየቃምን ጢስ ዓባይ ከተማ ደረስን።

ትኬት መቁረጫው ላይ ተራ የደረሰው አስጎብኚ፣ ስለ ክፍያ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ «እማማ፣ አላታልልዎትም፤ አሁን ውኃው ቀጭን ነው። ሙሉውን ከፈለጉ ነሐሴ ወይም መስከረም ይምጡ። ዛሬ የማሳይዎት ታሪኩን ነው» አላት። «አንተ ልጅ፣ ይባርክህ፤ ምራን» አለችው።

ቁልቁለቱን በእናቴ ጉልበት ልክ አስወረደን። የፖርቱጋል ድልድይ ወደሚባለው ስንደርስ እጇን ይዞ ቅስቱ ሥር የሚፈሰውን ውኃ አሳያት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1626 አፄ ሱስንዮስ ያሠሩት ነው፤ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ። ሽማግሌዎች በእንቁላል ተቦክቶ ተሠራ እንደሚሉ ነገረንና፣ «እኔ ግን ኖራ ነው እላለሁ፤ እንቁላሉን ማን ለቅሞ ይጨርሰዋል?» ብሎ እናቴን አሳቃት። አፈ ታሪኩንና የታወቀውን ሳያደባልቅ፣ ሁለቱንም ሳይንቅ ያወራል። ብዙ አስጎብኚ ሰምቻለሁ፤ ይህን የሚችል ጥቂት ነው።

ዳገቱን ወጥተን ፏፏቴው ፊት ለፊት ስንቀመጥ ከኪሱ በላስቲክ የታሸገ የአንድ ብር ኖት አወጣ። እናቴ ኖቱን አየች፣ ገደሉን አየች፣ ዝም አለች። በክረምት እስከ 400 ሜትር የሚሰፋው ውኃ ጥቂት ነጭ ገመድ ሆኗል። ምክንያቱን አልሸሸገንም፦ ዓባይ ገደሉ ጋ ሳይደርስ ወደ ኃይል ማመንጫው ቦይ ይገባል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1956፣ 73 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሁለተኛው በ1993 ዓ.ም. ተሠሩ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ የጣና ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ ይሄዳል። «መብራቱን አንረግምም፤ ውኃውን ግን እንናፍቃለን» አለን።

ከሁሉ የወደድሁት የሎቦና የብሩስ ጠብ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ሎቦ ከሚወርደው ውኃ ጀርባ፣ አለቱ ሥር ተቀምጬ ነበር ብሎ ጻፈ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በፈረንጆች 1770 መጥቶ አየና የማይሆን ነው አለ። አስጎብኚያችን ደረቁን አለት በዱላው እያመለከተ፣ «የዕለቱን ውኃ ሳያዩ ሰውን ውሸታም ማለት ከባድ ነው» አለ። ለሎቦ ጠበቃ የቆመ የጢስ ዓባይ ሰው አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለመመለሻው እናቴ ዳገት እንዳትወጣ በጀልባ አሻገረን። የተቀበለው መጀመሪያ የተነጋገርነውን ብቻ ነው፤ ጨምሬ ስሰጠው ለጀልባው ልጅ አስተላለፈው።

ስሙን ልጽፍ ስጠይቀው «እኛ የምንሠራው በተራ ነው፣ ሌሎቹን አታስቀይምብኝ» አለኝ። ስለዚህ ጢስ ዓባይ ስትሄዱ በከተማ ደላላ በኩል አትዋዋሉ፤ እዚያው ትኬት መቁረጫው ላይ አስጎብኚ ያዙ። ዱላ የያዘ፣ ከዋጋው በፊት የውኃውን ነገር የሚነግራችሁ ሰው ከደረሳችሁ እርሱ ነው። ኖቱን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። እኛ ለመስከረም ቀጠሮ ይዘናል፤ እናቴ ከወዲሁ ጫማ አስገዝታኛለች።